ቆሽታችን የእውነት ሲታመም፦ ስለ ቆሽት ካንሰር፣ ስለ መትረፍ እና ስለ ሳቅ



የቆሽትን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ከፊታችን ሲገባ «ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን። ኔትወርክ ሲጠፋ ቆሽታችን ይበግናል። ልጅ አልታዘዝ ሲል ቆሽታችን ድብን ይላል። ይህን ያህል እየጠራነው ግን «የት ነው ያለው? ምንድን ነው የሚሠራው?» ብንባል አብዛኞቻችን ጣታችንን የምናሳርፈው ሌላ ቦታ ነው። (በነገራችን ላይ ንዴት ለቆሽት ካንሰር መንስኤ ናቸው ተብለው ከታወቁት ነገሮች ውስጥ የለም። ታክሲ ሰልፍ የምትጠብቁ ተረጋጉ።)

ዛሬ ስለዚህ አካል ልጻፍ ያልኩት በውስጥ መስመር ተደጋግሞ በሚደርሰኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ አባታችን የቆሽት ካንሰር ተብሏል። እሱ ግን ይቀልዳል። ሕመሙ አልገባውም ማለት ነው? ዝም እናሰኘው ወይስ አብረን እንሳቅ? ለመሆኑ ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ሰው አለ?»

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ አዎ፣ የሚተርፉ አሉ፤ የሚያተርፋቸው ግን ሳቅ አይደለም። ሳቅ ሌላ ሥራ አለው። ያም ሥራ ቢሆን ቀላል አይደለም። ረጅሙን መልስ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቆሽት የት ነው ያለው?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት የተጋደመ፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አካል ነው። ከጣፊያ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። ጣፊያ በግራ ጎድናችን ሥር ያለ ሌላ አካል ሲሆን የቆሽት ጅራት ወደ እሱ ይጠጋል። የቆሽት ራስ ደግሞ በስተቀኝ በኩል ነው፤ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ አቅፎ ይዞታል። ከጉበት የሚመጣው የሐሞት ቱቦ በዚህ ራስ ውስጥ አልፎ ነው አንጀት የሚገባው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ትጠቅመናለች።

ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመርታል። ሁለተኛ፣ ስኳራችንን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንና ሌሎች ሆርሞኖችን ያመርታል። ስለዚህ ቆሽት ሲታመም ምግብ አለመፈጨት፣ መክሳትና የስኳር መዛባት አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

ለምን ዘግይቶ ይገኛል?

ጥልቅ ቦታ ስለተደበቀ ነው። ጡት ላይ እንዳለ እብጠት በእጅ አይዳሰስም። ዕጢው ትንሽ ሳለ አያምም። ምልክት ለሌለው ሰው ሁሉ የሚታዘዝ የቅድመ ምርመራ ዘዴም እስካሁን የለውም። በዚህ ምክንያት በምርመራ ሲታወቅ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልላቸው ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በ2022 ብቻ ከ510,000 በላይ ሰዎች ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት 467,000 ያህል ሰዎች በእሱ ሞተዋል። የሁለቱን ቁጥሮች መቀራረብ ስታዩ የበሽታውን ክብደት ትረዱታላችሁ።

እነዚህን ምልክቶች ግን ልብ በሉ፦

👉 ዓይንና ቆዳ ቢጫ መሆን፣ በተለይ ምንም ሳያም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የሐሞት ቱቦ በዕጢው ሲዘጋ የሚመጣ ነው። አብሮት ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል።
👉 ከላይኛው የሆድ ክፍል ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል ይላል።
👉 ሳያስቡት መክሳት እና የምግብ ፍላጎት መጥፋት።
👉 ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት የመጣ የስኳር በሽታ፣ በተለይ ከክብደት መቀነስ ጋር።
👉 ቅባት የበዛበት፣ የሚንሳፈፍ፣ ውሃ ቢለቁበትም ቶሎ የማይሄድ ሰገራ።
👉 ያለ ግልጽ ምክንያት እግር ላይ የሚፈጠር የደም መርጋት።

እነዚህ ምልክቶች ያሉት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ በሌላ ምክንያት የሚመጡ ናቸው። ቢሆንም በእኛ ሀገር ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «ጨጓራዬ ነው» የሚለው ነው፤ ወራት በኦሜፕራዞልና በተልባ ያልፋሉ። ሁለተኛው «የወፍ በሽታ ነው» የሚለው ነው፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ሐኪም ጋ ከመሄድ በፊት የወፍ መድኃኒት ፍለጋ ይኬዳል። ቢጫ የሆነ ዓይን ቢያንስ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ሲቲ ስካን ይፈልጋል። እነዚህ የሚባክኑ ሳምንታት ቀዶ ሕክምና በሚቻልበትና በማይቻልበት ጊዜ መካከል ያሉት ሳምንታት ሊሆኑ ይችላሉ።

ተጋላጭነትን የሚጨምሩት ደግሞ ሲጋራ ማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ስኳር፣ በመጠጥም በሌላም ምክንያት የመጣ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት እና የቤተሰብ ታሪክ ናቸው። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ፣ ለቆሽታችሁ ልታደርጉለት የምትችሉት ትልቁ ውለታ ማቆም ነው።

መጀመሪያ ዓይነቱን ጠይቁ

«የቆሽት ካንሰር» የሚለው ስም በውስጡ የተለያዩ በሽታዎችን ይዟል። ከ100 ታማሚዎች ከ90 በላይ የሚሆኑትን የሚይዘው ኢንዛይም ከሚያመላልሱ ቱቦዎች የሚነሳው «አዴኖካርሲኖማ» ነው። ኃይለኛው እሱ ነው። ጥቂቶቹ ላይ የሚገኘው ሆርሞን ከሚያመርቱ ሕዋሳት የሚነሳው «ኒውሮኢንዶክራይን» የተባለው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ በ2003 የተገኘበት ይህኛው ነበር፤ ያረፈው በ2011 ነው።

የእንግሊዛዊው ጊታሪስት የዊልኮ ጆንሰን ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል። በ2013 መጀመሪያ ላይ የማይድን የቆሽት ካንሰር እንዳለበት ይፋ አደረገ። የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር። ኬሞቴራፒውን አልፈልግም ብሎ የስንብት ኮንሰርቶች ማቅረብ ጀመረ። የተባለው ጊዜ አለፈ፤ ሰውየው ግን አሁንም መድረክ ላይ ነው። ቻርሊ ቻን የተባለ፣ ፎቶ ማንሳት የሚወድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ያ ኃይለኛው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው እንዲህ ሊዘል አይችልም ብሎ አሰበ። ካምብሪጅ ወደሚገኘው አደንብሩክስ ሆስፒታል እንዲታይ ተደረገ፤ ዕጢው ኒውሮኢንዶክራይን ሆኖ ተገኘ። በ2014 በረጅም ቀዶ ሕክምና 3 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ዕጢ ወጣለት። ከዚያ በኋላ እስከ 2022 ድረስ ኖሯል።

እዚህ ጋ እንዳንሳሳት። ዊልኮን ያተረፈው ኬሞቴራፒውን እምቢ ማለቱ አይደለም፤ ጊታሩም አይደለም። የዕጢው ዓይነትና ቀዶ ሕክምናው ናቸው። ከእሱ የምንወስደው ትምህርት «ናሙና ተወስዶ ዓይነቱ ታውቋል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ነው።

የሚተርፈው ማን ነው?

የአሜሪካን አሃዝ ልስጣችሁ። ሁሉም ደረጃ አንድ ላይ ሲታይ፣ ከ100 የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖሩት 13 ያህሉ ናቸው። ከቆሽት ሳይወጣ የተገኘባቸው ከሆኑ ቁጥሩ ወደ 44 ከፍ ይላል። ወደ ሩቅ አካል፣ ለምሳሌ ወደ ጉበት ከተሰራጨ በኋላ ከሆነ ደግሞ ወደ 3 ይወርዳል። ያው በሽታ፣ ያው ስም፤ ልዩነቱ መቼ ተገኘ የሚለው ነው።

ለተለመደው ዓይነት የመዳን ተስፋ የሚሰጠው ቀዶ ሕክምና ነው። ዕጢው የቆሽት ራስ ላይ ሲሆን የሚሠራው ቀዶ ሕክምና በአሜሪካዊው ሐኪም በአለን ዊፕል ስም «ዊፕል» ይባላል። የቆሽት ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦው ከፊል፣ አንዳንዴም የጨጓራ ቁራጭ ይወጣሉ፤ ከዚያ የቀረው እንደገና ይገጣጠማል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በአዲስ አበባም ይሠራል። ደጋግሞ በሚሠራው ቡድን እጅ ሲሆን ውጤቱ የተሻለ ነው፤ ስለዚህ «ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ትሠራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞቴራፒ መውሰድ ዕድሜን እንደሚጨምር በሚገባ ተረጋግጧል። መጀመሪያ ላይ ለቀዶ ሕክምና የማይመች ዕጢም አንዳንዴ በኬሞቴራፒ ቀንሶ ሊወጣ ይችላል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሩት ባደር ጊንስበርግ እዚህ ጋ ይመጣሉ። በ1999 የአንጀት ካንሰር ታክመው ስለነበር ክትትላቸውን አላቋረጡም። በ2009 መጀመሪያ በተለመደው ዓመታዊ ምርመራ ቆሽታቸው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነገር ታየ። በየካቲት ወር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ችሎት ተመለሱ። ያን ጊዜ አንድ ሴናተር «በወራት ውስጥ ይሞታሉ» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2019 ጊንስበርግ ለራዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ ነገሩን አነሱት፦ ስማቸውን የረሳሁት እኚያ ሴናተር ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም፤ እኔ ግን በደንብ አለሁ አሉ። ጊንስበርግ ያረፉት በ2020፣ በ87 ዓመታቸው፣ ቆሽታቸው ላይ በነበረው ካንሰር ምክንያት ነው። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን 11 ዓመት ፈርደዋል፣ ጽፈዋል፣ ቀልደዋል።

እዚህም ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ክትትል፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ቀልድ።

ታዲያ ሳቅ ምን ይሠራል?

የማይሠራውን ላስቀድም። ሳቅ ዕጢ አያሟሽሽም። በ2007 በጄምስ ኮይን መሪነት የታተመ ጥናት 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎችን ተመልክቶ ነበር። መንፈሳቸው ጠንካራ የነበሩት ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ አልኖሩም። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ትልቅ እረፍት ነው የምለው። ለምን? «ጠንከር በል፣ ሳቅ፣ ካልሳቅክ ትሞታለህ» እየተባለ የሚጨነቅ ታማሚ አለ። ያለቀሰበት ቀን ሁሉ በሽታውን ያባባሰው ይመስለዋል። አያባብሰውም። የማይስቅ ታማሚ ጥፋተኛ አይደለም።

አሁን የሚሠራውን። የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ አስቂኝ ነገር አብረው አይተው ከልብ የሳቁ ሰዎች ሕመም የመቋቋም አቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የተለኩት የቀዘቀዘ ነገር ክንዳቸው ላይ በማድረግና የደም ግፊት መለኪያውን በማጥበቅ ነው። ሰውነታችን በሳቅ ጊዜ የራሱን የሕመም ማስታገሻ ያመነጫል ተብሎ ይታሰባል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። አሌክስ ትሬቤክ በአሜሪካ «ጄፓርዲ» የተባለውን የጥያቄና መልስ ውድድር ለአሥርት ዓመታት ያቀረበ ሰው ነው። በመጋቢት 2019 ደረጃ 4 የቆሽት ካንሰር እንዳለበት በቪዲዮ ሲናገር፣ ይህን በሽታ ማሸነፍ ግዴታዬ ነው፤ በውሌ መሠረት ገና ሦስት ዓመት ማቅረብ አለብኝ ብሎ ቀለደ። ይኸው ሰው ከዓመት በኋላ ከባድ ሕመምና ድንገት የሚወርድበት ኃይለኛ ድብርት እንደነበረው ሳይደብቅ ተናግሯል። ቀልዱ ውሸት አልነበረም፣ ሐዘኑም ውሸት አልነበረም። በኅዳር 2020 እስኪያርፍ ድረስ፣ ካለቀሩት ጥቂት ቀናት በስተቀር፣ ሥራውን ሠርቷል። ቀልዱ ያደረገለት ይህን ነው፦ እስከ መጨረሻው «ታማሚው» ሳይሆን አሌክስ ሆኖ ቆየ።

በእኛ ቤት

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ሁሉ ትቼ የሁለት ታካሚዎቼን ነገር ላጫውታችሁ።

አንደኛው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ አገኙኝ። «ዶክተር፣ እባክዎ እንዳይነግሯቸው። ከሰሙ ይሞቱብናል። የጨጓራ ቁስለት ነው ይበሏቸው።» አሜሪካ ያለችውም ልጃቸው በስልክ ይህንኑ ለመነችኝ። ከክፋት አይደለም፤ ከፍቅር ነው። እኔም አባትየውን አስቀምጬ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። ቀበቶዬ ሦስት ቀዳዳ ገብቷል። በቤት ጉዳይ ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ልጆቼ ዛሬ ተቃቅፈው መጥተዋል። ይሄን ሁሉ ጨጓራ ነው ያመጣው ልትለኝ ነው?»

ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ቆሽቴን አሳረርከው ስትይኝ፣ ለካ የሚያርረው የእኔው ኖሯል!» አሉ። እማማ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያያዙ። በዚያች ክፍል ውስጥ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ነው ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሁሉም ነገር በግልጽ መነጋገር የተቻለው። ዕጢያቸው አልተሰራጨም ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ኬሞቴራፒያቸውን ጨርሰው ዛሬ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። «ድነዋል» ለማለት ገና ነው፤ ክትትላቸው ላይ ናቸው። ቀልዳቸውም አልቆመም።

ሁለተኛዋ እናት ናቸው። ከእኚህ አባት በምንም የማያንሱ ቀልደኛ። የእሳቸው ግን ሲገኝ ጉበት ገብቶ ነበር። ጠያቂ ሁሉ ጁስና ሙዝ ተሸክሞ ሲመጣ አልጋቸው ሥር ቦታ ጠፋ። «ይሄን ሁሉ ጁስ ምን ላድርገው? ብድን ሱቅ እከፍትበታለሁ፤ ካልዳንኩም አይባክንም፣ ለተዝካሬ ይሆናል» አሉ። ልጃቸው ተቆጣች፤ «እማዬ፣ እንደሱ አይባልም!» እሳቸው ግን ያን ቀን ስለ ተዝካራቸው፣ የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ወርቃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ሊያወሩ ፈልገው ነበር። ቀልዱ በሩን ማንኳኳት ነበር። ልጃቸው በማግስቱ በሩን ከፈተች፤ ሁሉንም አወሩ። እናትየው ከዘጠኝ ወር በኋላ አረፉ።

ሁለቱም እኩል ቀለዱ። አንዳቸው አሉ፣ አንዳቸው የሉም። ልዩነቱን ያመጣው ዕጢው የደረሰበት ቦታ ነው። ሁለቱም ያገኙት ግን አንድ ነው፦ ብቻቸውን አልታመሙም። ውሸት በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ማንም ከልቡ መሳቅ አይችልም። አንዱ ያውቃል፣ ሌላው እንደማያውቅ ያስመስላል፣ ሁሉም ቃላቱን እየመጠነ ይወጣል ይገባል። ታማሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። እኛ ከእሱ ስንደብቅ እሱ ከእኛ ይደብቃል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ መሳቅ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ለቅሶ ቤት ሁለተኛ ሦስተኛ ቀን ላይ ካርታ ይወጣል፣ የሟቹ ጨዋታ ይነሳል፣ «ያኔ እንዲህ ያለው ትዝ ይላችኋል?» እየተባለ ድንኳኑ በሳቅ ይሞላል። ደስ የሚል ባህል ነው። ግን ባለቤቱ የለም! በሕይወት እያለ አልጋው ዙሪያ ፊታችንን አጥቁረን ቆመን፣ ሲሄድ የእሱን ቀልድ እናወራለን። ያንን ሳቅ ጥቂት ወራት ብናስቀድመው ምናለበት?

እንዴት አብረን እንሳቅ?

1. ቀልዱ የታማሚው ነው። እሱ ይጀምር፣ እናንተ ተከተሉት። ካልጀመረ አታስገድዱት።

2. በበሽታው ይቀለድ፣ በሰውየው አይቀለድ። ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ መቀለድና ስለ ከሳው ፊቱ መቀለድ አንድ አይደሉም።

3. «ኧረ አንተ ምንም የለብህም!» ማለት ቀልድ አይደለም፤ አፉን መዝጋት ነው። «አይዞህ፣ አብረንህ ነን» ይበቃል።

4. ወርቁን ፈልጉ። ሰምና ወርቅ የምናውቅ ሰዎች ነን። «ለፋሲካው ዶሮ እደርስ ይሆን?» ብሎ የሚስቅ አባት ሰሙ ዶሮው ነው፤ ወርቁ ጥያቄ ነው። ሳቁ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ «አባዬ፣ እያሰብክበት ነው እንዴ?» በሉት።

5. መጀመሪያ ሕመሙ ይታከም። የሚጮህ ሕመም ያለበት ሰው ሊስቅ አይችልም። ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ «ሱስ ይሆንበታል» ብላችሁ አትከልክሉት። የሐሞት ቱቦው ከተዘጋም ስቴንት የተባለ ትንሽ ቱቦ ገብቶ ቢጫነቱና ማሳከኩ ሊቀንስ ይችላል።

6. ምግብ አልፈጭ ካለ ይነገር። ከምግብ ጋር የሚዋጡ የኢንዛይም ካፕሱሎች አሉ፤ መክሳቱንና ቅባታማውን ሰገራ ይቀንሳሉ። እነዚህ ካፕሱሎች በብዛት የሚሠሩት ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህ ለብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሚሆን ከሐኪማችሁና ከሃይማኖት አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ በዝምታ መድኃኒቱን አታቁሙ።

7. ሳቁ ድንገት ቢጠፋ ልብ በሉ። እንቅልፍ ካጣ፣ ሰው ማየት ካስጠላው፣ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። ድብርት በዚህ በሽታ በብዛት የሚታይ ሲሆን ይታከማል። «ካንሰር ያለበት ሰው ማዘኑ አይቀርም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ

👉 የካንሰሩ ዓይነት ምንድን ነው? ናሙና ተወስዷል?
👉 ደረጃው ስንት ነው? ተሰራጭቷል? ትልልቅ የደም ሥሮችን ነክቷል?
👉 ቀዶ ሕክምና ይቻላል? አሁን ካልተቻለ ከኬሞቴራፒ በኋላስ?
👉 የሕክምናው ዓላማ ማዳን ነው ወይስ ዕድሜ ማራዘምና ማስታገስ?
👉 ሕመሙን፣ ምግቡንና ስኳሩን በምን እንቆጣጠራለን?

እንግዲህ «አባታችን ይቀልዳል፣ ሕመሙ አልገባውም ማለት ነው?» ላላችሁኝ፦ በደንብ ገብቶታል። ከእናንተ ቀድሞ ሳይገባው አልቀረም። እየቀለደ ያለው እናንተ እንዳትፈሩት ነው። አብራችሁት ሳቁ። ካስለቀሳችሁም አብራችሁት አልቅሱ። ቀጠሮውን ግን እንዳታሳልፉበት።

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ያለ ምክንያት እየከሳ ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ ላኩለት፤ ከተቻለ ደግሞ እጁን ይዛችሁ ጤና ተቋም ውሰዱት። ጥያቄ ያላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ለሌላው እንዲደርስ ሼር ማድረግ አትርሱ።

ቆሽታችሁ አይረር። ጤና ይስጥልኝ!